ከሻንጣዬ የወጣ መድኃኒት

ዱባይ፣ ካራማ ሰፈር፣ ስድስት ሴቶች አልጋ አልጋ ተከራይተን አንድ ክፍል በምንጋራበት ቢድ ስፔስ መድኃኒት የሚገኘው ከእኔ ሻንጣ ነበር። ከአዲስ አበባ ስመለስ አሞክሳሲሊን ሳልይዝ አልነሳም፤ ዱባይ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥማ። ጉሮሮዋን ያመማትም፣ ጥርሷን የነዘራትም ወደ እኔ ትመጣለች። እኔም ሥራዬ አል ጋርሁድ ባለ የጭነት ድርጅት ውስጥ ወረቀት ማመላለስ መሆኑን ረስቼ ፍሬ እየቆጠርኩ አድላለሁ። ደስ ይለኝም ነበር፤ አልዋሽም።

ወረርሽኙ በገባ በሁለተኛው ወር ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የምትተኛው የጎጃም ልጅ የታችኛው መንጋጋዋ ያማት ጀመር። ማዳሟ በወረርሽኙ ምክንያት ከአገር ስለወጣች ሥራ ፈትታ ከርማ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አጅማን ከተማ አዲስ ቤት በሠራተኛነት ልትገባ ነበር። ጉንጯ ሲያብጥ መድኃኒቱን ሰጠኋት። በአራተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ፣ ሕመሙም ተዋት። እኔም በቃሽ፣ የቀረው ለሌላ ሰው ይሁን ብዬ አስቆምኳት። እኛ ዘንድ መድኃኒት የሚዋጠው እስኪሻል ድረስ ነው፤ የተረፈው ለሚቀጥለው በሽተኛ ይቀመጣል። ይህን ቁጠባ እንጂ ጥፋት ብሎ የጠራው ሰው አላጋጠመኝም ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ እብጠቱ ብሶበት ተመለሰ። ከጉንጯ ወርዶ ከአገጯ ሥር ገባ፤ አፏን መክፈት ተሳናት፣ ምራቋን መዋጥም ከበዳት። ይባስ ብሎ ትኩሳት ያዛት። ያን ጊዜ ትኩሳት ማለት ኮሮና ማለት ነበር። ማስካችንን አጥልቀን ከእሷ በራቀው ግድግዳ ተደረደርን። በዕድሜ የምትበልጠን ሴት፣ አምቡላንስ ከተጠራ ስድስታችንንም ለይቶ ማቆያ እንደሚያስገቡን፣ ሹግላችንም፣ እንጀራችን ማለት ነው፣ በዚያው እንደሚቀር ደጋግማ ተናገረች። ልጅቷም እንዳንደውል በእጇ ለመነችን።

እኔን ያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ኮሮና ከሆነ የእግዜር ቁጣ ነው፤ ጥርሱ ከሆነ ግን እጄ አለበት። ምነው ኮሮና በሆነላት ብዬ የተመኘሁባት ደቂቃ አለች። ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም።

እኩለ ቀን ላይ ውኃ ሰጥቻት ግማሹ በከንፈሯ ዳር ፈሰሰ። ጎረቤት ከተማ ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር ውስጥ ድንገተኛ ሕመም ብቻ የሚያይ የጥርስ ክሊኒክ እንዳለ ሰምቼ ስለነበር ያላ፣ ተነሺ ብዬ ደግፌ ታክሲ ውስጥ አስገባኋት። መንገዱን ሁሉ ትንፋሿን እየሰማሁ ሄድኩ። ክሊኒኩ በር ላይ ዘበኛው የግንባሯን ሙቀት ለክቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ሊመልሱን ነው ብዬ ደነገጥኩ። ሐኪሙ ግን ከራስ እስከ እግር በፕላስቲክ ተሸፍኖ ብቅ አለና አገጯን ከሩቅ አይቶ በጓሮ በር አስገባን።

ህንዳዊ ስለነበር እንግሊዝኛውን እየተረጎምኩላት ቆምኩ። አፏን እንደ ምንም አስከፍቶ ከምላሷ ሥር በጣቱ ዳሰሰ፤ እብጠቱ ገና እዚህ አልደረሰም አለ። ካደነዘዛት በኋላ ጥርሱን ነቅሎ መግሉን አስወጣው። ሽታውን እስካሁን አስታውሰዋለሁ። ክኒኑ እብጠቱን ያስታግሳል እንጂ ከጥርሱ ሥር የቋጠረውን እንደማያወጣ፣ ጥርስ ታመመ ተብሎም ዝም ብሎ እንደማይታዘዝ፣ አሁን ግን እብጠቱ ስለተስፋፋና ትኩሳት ስላላት እንደሚያዝላት ነገረኝ። ከዚያ ብዕሩን አነሳና ከዚህ በፊት የወሰደችው መድኃኒት እንዳለና ማን እንዳዘዘላት ጠየቀ።

የመጀመሪያውን ተረጎምኩ። ሁለተኛውን ግን አቆየሁት። ያለ ፈቃድ መድኃኒት ማደል በዚህ አገር ምን እንደሚያስከትል አላውቅም፤ ቪዛዬ፣ ፖሊስ፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። እንደ ምንም ብዬ ጠየቅኳት። በጥጥ በተሞላ አፏ፣

"ራሴ ነኝ የወሰድኩት በይው፣ እታለም" አለችኝ።

እንዳለችው ነገርኩት። ስንት ስንት፣ ለስንት ቀን አለ።

"በቀን ሁለት፣ ለአራት ቀን። ከዚያ ሲሻላት አቆመች" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ወደ እሷ ዞሬ ሳልጠይቅ መመለሴ ያን ጊዜ ገባኝ። ፊቴ ከማስኩ ሥር ጋለ።

አልተቆጣኝም። ማዘዣውን ጽፎ እሷን አልፎ ለእኔ ሰጠኝ። እንዳዘዘው ሳታቋርጥ እንድትጨርሰው፣ ነገ ተመልሳ እንድትታይ፣ መዋጥ ካቃታት ግን በቀጥታ ሆስፒታል እንድወስዳት አስጠነቀቀኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ነገ ብታመጪያት ኖሮ ላትተርፍ ትችል ነበር" አለኝ።

ልጅቷ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። ይሻልሻል ነው ያለው አልኳት። እጄን ስባ ሳመችውና፣ አንቺ ባትኖሪልኝ ምን እሆን ነበር አለችኝ።