ዛሬ ክንዴን አዋስኩ

ዛሬ ግራ ክንዴ ዝሎ መጥረጊያ መያዝ አቅቶታል።

ሞጣ፣ አንድ የጤና ኮሌጅ ውስጥ ጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ከሰው ጋር ብዙ አላወራም።

ጠዋት የመለማመጃ ክፍሉን ስወለውል ሰብለ የምትባል ከግንደወይን የመጣች ተማሪ ብቻዋን ታለቅሳለች። የደም ግፊት ስትለካ የደም ምቱ ድምፅ በማዳመጫው አይሰማትም። ዛሬ ፈተናውን ከወደቀች ትምህርቷን ትታ አገሯ ልትገባ ነው። የምትለማመድባት የፕላስቲክ አሻንጉሊት ደግሞ ልብ የላትም።

እጅጌዬን ሰብስቤ "በእኔ ሞክሪ" አልኳት።

ስድስት ጊዜ የግፊት መለኪያውን ግራ ክንዴ ላይ አስራ ፈታች። "ተይኝ እቴ፣ አልሆነልኝም" አለች።

"አንዴ ድገሚ።"

በሰባተኛው "ዝም በይ! ሰማሁት!" ብላ ጮኸች። ዝም በይ ለእኔ መባሉ ገረመኝ።

አሁን ከፈተና ስትወጣ ከሩቅ አየችኝ። ፈተናውን አልፋለች። ግራ ክንዷን አነሳችልኝ።

እናንተስ ደክሟችሁ ሳለ ለሰው የደረሳችሁበት ቀን አለ? ጻፉልኝ፤ ባልመልስም አነባለሁ።