አጋዘኑ እዚያው ወደቀ

አዴር ሙሴ ዛሬ ጠዋት ኤረር በረሃ ላይ አቅፈው ግንባሬን ሳሙኝ!

(አዴር እኛ ጅግጅጋዎች ትልቅ ሰው የምንጠራበት ነው፤ "አጎቴ" እንደማለት።)

ፈቃድ አውጥተን ስናድን ዱካ እየፈለጉ የሚመሩን እሳቸው ናቸው። አምና አንድ እንግዳ አዳኝ አጋዘን አቁስሎባቸው፣ ደሙን እየተከተሉ እስኪመሽ ተንከራተው ሳያገኙት ቀሩ።

"ከእንግዲህ እንስሳ ከሚያሰቃይ ሰው ጋር አልወጣም" ብለው ማሉ። እኔን ይዘው የወጡት በስንት ልመና ነው።

ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ጥይት ስመርጥ ከረምኩ። ባለቤቴ "ለሰርጋችን ልብስ እንኳን እንዲህ አልተጨነቅክም" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ጓደኛዬ ዳዊት "ቀላሉንና ፈጣኑን ውሰድ" ብሎኝ ነበር። ዒላማ ላይ ስሞክረው ግን አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ተበታተነብኝ።

ጫፉ ለስላሳ የሆነው ከባዱ ጥይት ደጋግሞ አንድ ቦታ መታልኝ። ሥጋ ውስጥ ሲገባ ስለሚሰፋም እንስሳውን ቶሎ ይጥላል። እሱን ያዝኩ።

ዛሬ አጋዘኑ ከግራር ሥር ወጥቶ ጎኑን ሰጠን። ጠመንጃዬን ደገንኩ።

"አሁን፣ ልጄ!" አሉኝ አዴር በሹክሹክታ።

ቢስሚላህ ብዬ ተኮስኩ። እዚያው ወደቀ፤ አንድ እርምጃ እንኳ አልሄደም!

አዴር ሮጠው አዩትና ወደ እኔ ዞሩ። "ዋላሂ፣ ከአንተ ጋር ነገም እወጣለሁ!"

ከዚህ በላይ ምን ሽልማት አለ?

አዳኞች፣ እናንተን ያኮራችሁ ጥይት የትኛው ነበር? ከታች ጻፉልኝ። የሳታችሁም አትፈሩ፣ ብዙ አንስቅባችሁም።