ገደሉ ዝም ያለ ዕለት

ከዘመሮ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከአንድ ጥቁር ገደል ሥር አራት ቤቶች ነበሩ። ለገደሉ ይበልጥ የቀረበው የአማከለች ቤት ነው። ባሏ አባይነህ ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤ ከሞተ ስድስት ዓመቱ። ልጅ አልወለዱም። የተወላት የገብስ መሬት፣ አሥራ አንድ በግና አንድ አደራ ነው።

ከገደሉ አናት ላይ ጎንበስ ብለው ካላዩት የማይታይ ስንጥቅ አለ። አባይነህ በየዓመቱ፣ በመስቀል ማግስት፣ የወይራ ችካል ይሰካበት ነበር። የመጀመሪያው እንደ ጣት የቀጠነ ነበር፤ የመጨረሻው ግን ክንድ አክሏል።

"ክረምት ውሃ ይገባበታል" ይላት ነበር። "በብርዱ ወራት ያ ውሃ በረዶ ሆኖ ያብጣል፤ ድንጋዩን ቀስ እያለ ይፈለቅቀዋል። ችካሉ የላላ እንደሆነ ወፈር ያለ ቀይሪ። የወደቀ እንደሆነ ግን ቤት አትግቢ።" ከሞተ ወዲህ በየዓመቱ የምትሰካው እሷ ናት።

ገደሉ ድምፅ ነበረው። ከውርጭ በኋላ የጠዋት ፀሐይ ስትመታው ቋ... ቋ... ይላል፤ ውስጡ ሰው ተቀምጦ የሚጠርብ ይመስላል። ጎረቤቶቿ አማትበው ያልፋሉ። አማከለች ግን የባሏን መዶሻ የሰማች ያህል ደስ ይላት ነበር።

አምና በታኅሣሥ፣ አንድ ማለዳ፣ ውርጩ ሜዳውን አንጥቶት አደረ። ፀሐይ ወጣች። ገደሉ ዝም አለ። በጎቹ ግጦሹን ትተው፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው ቆመዋል።

ወደ ስንጥቁ ሮጣ ወጣች። ችካሉ የለም። ጠጠር ብትጥልበት ሲንከባለል ሰማችው፣ ማረፉን ግን አልሰማችም። ከስንጥቁ ቀዝቃዛ ትንፋሽ ፊቷን ዳሰሳት፤ አዲስ የተቆፈረ መቃብር ይሸታል።

ወርዳ ወደ ሽማግሌው ጎረቤቷ ወደ ጋሽ ጌጡ በረረች።

"ጋሼ፣ ይውጡ! ችካሉ ወድቋል!"

"በሞተ ሰው ችካል የአያቶቼን ቤት ልልቀቅ?" አሉ፣ ከደጃቸው ሳይነሱ።

"እስቲ ገደሉን ያድምጡት።"

አደመጡ። ፊታቸው ተለወጠ።

"ምነው ዝም አለ?"

"እንጃ ጋሼ።"

በትራቸውን አንስተው ተነሡ። የሌሎቹንም ቤቶች ሰው ጠርተው፣ በጎቹን እየነዱ ሜዳውን ተሻገሩ።

ረፋድ ላይ በመጀመሪያ ዱቄት የመሰለ አቧራ ከገደሉ ወረደ፣ ያለ አንዳች ድምፅ። ከዚያ ገደሉ እንዳለ ተናደ። ሦስት ቤት ተቀበረ። የሰው ሕይወት አልጠፋም።

በሦስተኛው ቀን አማከለች ከጋሽ ጌጡ ጋር ሄደች። ቤት የሚያህል ድንጋይ ለሁለት ተሰንጥቆ ተኝቷል። ላዩ እንደ ብረት ነው፤ ሆዱ ግን ቀይ፣ የበሰበሰ። ብትጨብጠው በእጇ ፈረሰ። አሸችው፤ አፈር ሆነ።

"ለካ እስከ ዛሬ በአፈር ሥር ነው የተኛነው" አሉ ጋሽ ጌጡ።

አማከለች ወደ ወንድሟ ቤት ገባች። ክረምቱ ሲያልፍ፣ ቤቷ በተቀበረበት ላይ ገብስ በቅሎ ታየ። ማንም አልዘራውም። ከጎታዋ የተበተነው እህል ያንን ፍርስራሽ ሰንጥቆ ወጥቶ ነበር። አገሬው ፈርቶ ዞር ብሎ ያልፈው ጀመር። እሷ በጥቅምት ማጭዷን ይዛ ገባችና እስከ መጨረሻዋ ዘለላ አጨደችው።