የደበቅሁት የውሉ ግማሽ

ይህ ነገር ሊነገር የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። የአቶሚክ ቦምብን ከመንዝ ሣር ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። ያገናኘሁት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርሁትም።

አሁን የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ነገሩ በሆነበት ክረምት ግን ከደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት ለዕረፍት አገሬ ገብቼ ነበር። ኃያላኑ መንግሥታት የቦምብ ሙከራ ለማቆም መፈራረማቸውን መሐል ሜዳ ከተማ በሬዲዮ ሰማሁ። በአየር፣ በጠፈርና በውኃ ውስጥ ይቆማል፤ ከመሬት በታች የሚፈነዳው ግን አልተከለከለም፤ አንዱ የሌላውን መርማሪ አገሩ ማስገባት አልፈለገምና። የሚታየውን ትቶ የማይታየውን ለራሱ ያስቀረ ውል! ለዚህ ነበር ብርጭቆ ያነሡት።

በዚያው ሰሞን ሁለት አጥቢያዎች ለቤት ክዳን በሚታጨደው በጓሳ ተራራ ሣር ተጣልተው ለሽምግልና ተቀምጠው ነበር። የአጨዳው ጊዜ እስኪከፈት ማንም እንዳያጭድ ተስማሙ። የቀረው የጠባቂ ነገር ነበር፤ አንዱም አጥቢያ የሌላውን ጠባቂ በወሰኑ ማየት አልወደደም። አጎቴ አያ ወልዴ ብቻ «ጠባቂ የሌለው መሐላ በር የሌለው ቤት ነው» እያሉ ተከራከሩ።

ሰብሳቢው ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ተማሪው፣ እነዚያ ባለቦምቦቹ ታርቀዋል አሉ። ማን ቆሞ ይጠብቃቸዋል?»

«ማንም፤ ተማምነው ነው» አልሁ።

አውቅ ነበር። ከመሬት በታች ያለውን አውቅ ነበር፤ ዋጥሁት። ለምን? የሚወዱትን መልስ ከፊታቸው አንብቤ ነበርና። ምስጋና ፈለግሁ፤ አገኘሁም።

«እሰይ! እኛ ከፈረንጅ በምን አንሰን ነው በዚህ ቁር ሰው የምናስቀምጥ? ወልዴ፣ የእኅትህ ልጅ ረታህ!» አሉ ሰብሳቢው፤ ሸንጎው ሳቀ።

ጠባቂ ቀረ። መስከረም ሳይጠባ ሁለቱም ወገን በጉም ተከልሎ ያጭድ ጀመር። አያ ወልዴ ብቻቸውን ሊያስቆሙ ወጡ፤ በዱላ ተመትተው ግራ ዐይናቸው ጠፋ። የመታቸውን ሰው ጉሙ ደበቀው። ዱላውን ያቀበልሁት ግን እኔ ነኝ።

ዛሬም ያገሬ ሰዎች «ልጃችን የሰማውን ነገረን፤ የዋሹት ፈረንጆቹ ናቸው» እያሉ ይሟገቱልኛል። አልዋሹም። እነሱ ስስታቸውን በውላቸው ላይ ጽፈውታል፤ እኔ ያን ያህል ድፍረት እንኳ አልነበረኝም። ልጅ ነበርሁ ልበል? ልጅማ የሰማውን ይናገራል። ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልልም።

ከዚያ ጉዳት በኋላ ከሁለቱም አጥቢያ የተውጣጡ ጠባቂዎች በጓሳ የቆሙት፣ ያ ግማሽ የቦምብ ውል በዓለም ላይ በጸናበት ዕለት ነበር፤ መስከረም 29 ቀን 1956 ዓ.ም.