በአንድ እጅ የጋለብኩበት ዒድ

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ ልቀበል ወደ ሀርጌሳ አየር ማረፊያ ስሄድ ታክሲያችን መንገድ ላይ ቆመ። ወጣት ፈረሰኞች አስፋልቱን እየተሻገሩ ነበር። ከሁሉም ኋላ የቀረው ግራ እጁን በሻርፕ ከደረቱ ጋር አስሮ፣ በቀኙ ብቻ ዛብ ይዞ ያዘግማል። ሹፌሩ «አላህ ልቦና ይስጠው!» ብሎ ሳቀ። እኔ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ አንድ ነገር ልለው ፈለግሁ። ምን እንደምለው ሳስብ አልፎ ሄደ።

እኔም በወጣትነቴ እንዲያ ጋልቤያለሁ፤ ያውም ከዚሁ አየር ማረፊያ ወዲያ ባለው ሜዳ ላይ።

የባሌ ልጅ ነኝ። በእኛ ደጋ ልጅ በእግሩ ሳይጠና ፈረስ ላይ ይጠናል። ሀርጌሳ የመጣሁት አንድ የአገሬን ልጅ ተከትዬ ነበር፤ እሱ ብዙም ሳይቆይ ባሕር ሊሻገር ወደ በርበራ ወረደ፣ እኔ ቀረሁ። ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር ካለ አንድ ምግብ ቤት ተቀጥሬ ሩዝ በፍየል ሥጋ፣ ላሆህ የሚሉትን ስስ እንጀራ፣ ወተት የበዛበት ሻይ ሳመላልስ እውላለሁ። ቀኑን ሙሉ «ወርያ!» እባላለሁ። «አንተ» እንደማለት ነው። ስድብ አይደለም፤ ግን ስምም አይደለም። አንዳንድ ቀን ማታ ኮድቡር ሰፈር ወዳለችው የኪራይ ክፍሌ ስገባ፣ ከጠዋት ጀምሮ ማንም «ጀማል» እንዳላለኝ ትዝ ይለኝና ስሜን ራሴ ለራሴ ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አንድ ቀን ትሪ ወድቆብኝ በአማርኛ ሳማርር ከጥግ የተቀመጡ ሽማግሌ ሳቁ። ሐጂ ዩሱፍ ይባላሉ፤ ሀርጌሳ በፈረሰችበት ጦርነት ጊዜ ተሰደው ድሬዳዋ ብዙ ዓመት ኖረዋል።

«የየት አገር ልጅ ነህ?»

«የባሌ ነኝ፣ ሐጂ።»

«እንዲያማ ከሆነ ፈረስ ታውቃለህ! ስምህስ?»

ከቤታቸው ጓሮ አንዲት ዳማ ባዝራ ነበረቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሱብሒ ሰላት በኋላ፣ ሥራዬ ከመድረሱ በፊት፣ እሷን ማለማመድ የእኔ ሆነ። ያን ሰዓት ከተማው ገና አይነቃም፤ ከተማውን በሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ ውስጥ አሸዋው ይቀዘቅዛል፤ ኮቴዋ ድምፅ አያሰማም። የዒድ አል አድሃ ማግስት ከአየር ማረፊያው ወዲያ ባለው ሜዳ ግልቢያ ስለነበረ ሐጂ «አንተ ትጋልብልኛለህ» አሉኝ። በድምፅ ማጉያ የየፈረሰኛው ስም ይጠራል ሲሉኝ ልቤ ዘለለ።

ዒዱ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አንድ ሚኒባስ ከኋላችን ጥሩምባ ነፋ። ባዝራዋ ደንብራ ወረወረችኝ። ግራ ትከሻዬ ወለቀ። አንድ ወጌሻ ወደ ቦታው መልሶ ጠፍሮ አሰረልኝና በሶማልኛ አንድ ሁለት ነገር ተናገረ፤ ግማሹ አልገባኝም፣ «አታንቀሳቅሰው» ያለኝ ግን ገብቶኛል።

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ፣ ልጄ» አሉኝ ሐጂ። «ከቻልክ ጋልብ፣ ካልቻልክ ይቀራል። እኔ አላስገድድህም።»

ደግ ንግግር ነበር። እኔ ግን «አይሆንም፣ አትጋልብም!» እንዲሉኝ ነበር ስጠብቅ የነበረው። በዒዱ ዋዜማ ስልክ ቤት ገብቼ እናቴ ጋ ደወልኩ። «ደህና ነህ?» አለችኝ። «ደህና ነኝ» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ» አለችና ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ አወራችልኝ። ትከሻዬን ብነግራት ምን እንደምትል አውቃለሁ፤ ግን እዚያ ሆና እንቅልፍ ከማጣት በቀር ምን ታደርጋለች? ስልኩን ዘግቼ ስወጣ ሰው ሁሉ በጉን እየጎተተ፣ ልጁን አዲስ ልብስ እያስለካ ይተራመሳል። ጋለብኩ አልጋለብኩ ግድ የሚለው ሰው በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል አልነበረም። ስለዚህ ልጋልብ ወሰንኩ።

በዒዱ ማግስት ሜዳው ላይ ነፋሱ አቧራውን እንደ መጋረጃ ያነሳዋል። ስሜ ሲጠራ ማጉያው ስለተንጫጫ እኔ ራሴ እንኳ በቅጡ አልሰማሁትም። ከዚያ ለቀቁን። ባዝራዋ ሽምጥ ጋለበች፤ መዞሪያችን የሆነው ግራር ጋ እስክንደርስ ከፊታችን ማንም አልነበረም። ዛፉን ዞሮ መመለስ ነው። ስትዞር ሁለት እጅ ያስፈልጋት ነበር፣ እኔ ያለኝ አንድ ነው። ወደ ውጭ ሰፋ ብላ ወጣች፤ በደመ ነፍስ ግራ እጄን ስዘረጋ ትከሻዬ ውስጥ የሆነ ነገር ተቀደደ፣ ዓይኔም ጨለመ። ጋማዋን ይዤ ብቻ ቀረሁ። ስመለስ ሕዝቡ አሸናፊውን ከቦ ይጨፍራል። ሐጂ የባዝራዋን እግር ዳበሱና «አልሐምዱሊላህ፣ አልወደቅክም» አሉኝ። ከዚያ እንግዶቻቸው ጠሯቸው።

ክፍሌ ገብቼ ለዒድ የገዛሁትን ሸሚዝ ማውለቅ አቃተኝ። አንዱን እጅጌ አውጥቼ በሌላው ተያዝኩ፤ ወደፊትም ወደኋላም የለም። እንደዚያው አልጋው ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አከራዬ ሃሊማ የዒድ ሥጋ በሰሃን ይዛ መጣች። ጅግጅጋ ያደገች ባልቴት ናት፤ አማርኛ ታውቃለች፣ ግን ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ፈረስ ጋልቤ ነው፣ ኤዶ።» ኤዶ አክስት እንደማለት ነው።

«በዚህ ትከሻ? ማን ፈቅዶልህ?»

«ማንም።»

«ማንም! እኔ እዚህ ግድግዳ ነኝ? ብትሞት ለእናትህ ምን ብዬ ልልክባት ነበር?»

መቀስ አምጥታ አዲሱን ሸሚዝ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ቀደደችው። እስክትጨርስ አንዴም ስድቧን አላቋረጠችም። እኔ አለቀስኩ። እሷ ያመመኝ መስሏት «ቻለው፣ ወንድ አይደለህም እንዴ?» ትለኛለች። ምን ብዬ ላስረዳት? ይህን ያህል የተቆጣኝ ሰው ካገኘሁ ዓመት አልፎኝ ነበር።

ትከሻዬ ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ብርድ ሲመጣ ከእኔ ቀድሞ ያውቃል። ኤዶ ሃሊማም አርፋለች፣ አላህ ይዘንላት። ወጣት ሳለሁ የሚከለክለኝ ሰው አለመኖሩ ነፃነት ነው የሚሉ ጓደኞች ነበሩኝ። ምናልባት እናትና አባታቸው አጠገባቸው ስለነበሩ ይሆናል።

አሁን ባለቤቴ ድሬዳዋ ናት፤ የወለደች ልጃችንን ልታርስ ከሄደች ሰነበተች። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ትናንት ጣሪያ ላይ ያለው የውኃ በርሜል ያፈስ ጀመርና መሰላል አቆምኩ። ከመውጣቴ በፊት ግን ደወልኩላት፤ ለምን እንደደወልኩ ለራሴም አልነገርኩትም።

«ጣሪያ ላይ ልወጣ ነው» አልኳት።

«በዚህ ዕድሜህ? ወላሂ እንዳትወጣ!»

መስመሩ ጥርት ያለ ነበር።

«አልሰማሁሽም» አልኳት፣ «ድገሚው እስቲ።»