ብረት የወጣባቸው ጉድጓዶች

ከተማችን ከአምባ ጊዮርጊስ መንገድ ወጣ ብላ ቀይ ኮረብታ ሥር ያለች ናት። ኮረብታው ዝናብ ሲመታው የዛገ ይመስላል፤ ውስጡም ብረት ነበር። በኋላ ወደ እስራኤል የሄዱት ጎረቤቶቻችን ድንጋዩን ቆፍረው፣ በከሰል አቅልጠው፣ ለአገሩ ሁሉ ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር። እኛ ደግሞ በማረሻቸው አርሰን፣ እህሉን በልተን፣ "ቡዳ ናቸው" እንል ነበር።

እናቴ በመንደራቸው ስናልፍ ዓይናቸው እንዳያርፍብኝ ፊቴን በነጠላዋ ትሸፍነው ነበር። ሁሉም እንዲሁ ተሸፋፍኖ ስላለፈ የት የት እንደቆፈሩ ያየ የለም። እነሱ ሲሄዱ ጉድጓዶቹን ሣር ለበሳቸው። አንድ ክረምት በሬ ገብቶ ሞተ። ሽማግሌዎቻችን በሬው ጉድጓድ ውስጥ ተጋድሞ እያዩት "ዓይናቸው ከባሕር ማዶም ይሠራል" አሉ።

ዘንድሮ ኮረብታው ለቤት መሥሪያ ተሸነሸነና ለነፍሰ ጡሯ ልጄ ቦታ ደረሳት። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ነኝ፤ ግን በሬ የዋጠ መሬት ሕፃንም እንደሚውጥ ለማወቅ አምስተኛ ክፍል አያስፈልግም። ቦታውን የለካውን ባለሙያ "ጉድጓዱስ?" አልኩት።

"ካርታው ላይ የለም" አለኝ። እሰይ፤ የልጅ ልጄ ካርታው ላይ ትድሃለች ማለት ነው።

እንቅልፍ አጥቼ ስከርም፣ አንዲት አሮጊት የአባታቸውን መንደር ሊያዩ ከእስራኤል መጡ። ሮጬ ሄጄ ቦታውን እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው። ጎረቤቴ ክንዴን ያዘችኝ።

"ምነው አንች፣ አበድሽ? መሠረት ሳይጣል ለዓይን ታሳያለሽ?"

"ጉድጓዱን አንች ታውቂዋለሽ?"

"እኔ በምን አውቄ!"

"እንግዲያው ልቀቂኝ።"

አሮጊቷ ሰምተው ሳቁ። "አይዞሽ ልጄ፣ ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል። እንኳን ሰው ልበላበት መንገዱንም አላይበት።"

ኮረብታው ላይ ካለው ትልቅ አለት ተነሥተው፣ በልጅነታቸው እንደለመዱት እርምጃ እየቆጠሩ ወረዱ። "ይኼ የአጎቴ ነው" ይላሉ፤ ድንጋይ አስቀምጣለሁ። "ይኼ የአባቴ።" በበትራቸው ጫን ሲሉት በትሩ እስከ እጃቸው ሰመጠ። በፕላኑ መሠረት እዚያ ላይ የልጄ መኝታ ቤት ነበር።

ግንበኛው በማግስቱ መሠረቱን ወደ አለቱ አስጠግቶ ቆፈረ። ጎረቤቴም ለወንድሟ በአጠገቡ ቦታ ደርሶት ኖሮ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ወደኛም ብቅ ይሉ ይሆን?" አለችኝ።

"ራስሽ ጠይቂያቸው" አልኳት። "ፊት ለፊት።"