የትኛው ማርቆስ

ባለፈው ሰሞን መታወቂያዬን ላሳድስ ቀበሌ ሄጄ፣ ጸሐፊዋ የማኅተሙን ቀለም ክዳን ከፈት ስታደርገው ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ሐምራዊው ቀለም ነው፤ ትንሽ የኮመጠጠ፣ ትንሽ ዝገት ዝገት የሚል። ልጅቱ ቀና ሳትል «እማማ፣ ዕድሜ ስንት ልበል?» አለችኝ። አፌ ተያዘ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ «ረሱት መሰለኝ» ብሎ ሳቀ። አልረሳሁትም። ዕድሜውን እንደኔ አጥብቆ የሚያውቅ ሰው ያለም አይመስለኝ፤ መናገሩ ነው የሚያቅተኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጃንሆይ ጊዜ፣ እስቴ መካነ ኢየሱስ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ሴቶቹ ሦስት ብቻ ነን፤ በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። በዚያ ዓመት ለአንድ ዓመት አገልግሎት ከአዲስ አበባ አንድ ወጣት አስተማሪ መጡልን። ቀጭን፣ መነጽር ያደረጉ፣ ጭቃ መርገጥ የሚፈሩ ሰው ነበሩ። ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደብተራችንን ያስዘጉንና «አሁን ስለ ነገ ነው የምናወራው» ይሉናል። የመጀመሪያው ቀን «ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ብለው ጠየቁን። እንዲህ ያለ ነገር ማን ጠይቆን ያውቃል? ወንዱ አባቱን ይሆናል፣ ሴቷ እናቷን ትሆናለች፤ ሌላ ምን አለ? በመጨረሻ አንዱ ከኋላ «ምስለኔ!» ብሎ ጮኸና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

እሳቸው ግን አልተውንም። በየሳምንቱ አንድ አንድ ሠራተኛ እየለመኑ ያመጡልን ጀመር። አንድ ረቡዕ ስልከኛው መጣ። ሌላ ረቡዕ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ መጥቶ ስለ ብዕር አያያዝ ብቻ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን። ከዚያ የክሊኒኩ ድሬሰር መጡ፤ አገሬው ቁስሉን የሚያሳጥባቸው፣ መርፌ የሚወጉት ሰውዬ። ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ገብተው «ደም የሚያስፈራው ከአሁኑ ይውጣ!» ሲሉ ሁለት ወንዶች እውነትም ወጡ። ከኪሳቸው ፋሻ አወጡና የአንዱን ልጅ ክንድ እንድጠቀልል እኔን ጠሩኝ። የአልኮሉ ሽታ፣ በመስኮቱ ያዘነበለችው ፀሐይ፣ ከፋሻው እየተነሣ በብርሃኑ ውስጥ የሚዋኘው ብናኝ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ስጨርስ እጄን ከፍ አድርገው ለክፍሉ አሳዩ።

«እዩ፣ አይንቀጠቀጥም» አሉ።

«ነርስ ሆና በመርፌ ልትፈጀን ነው!» አለ ክንዱን ያዋሰኝ ልጅ። ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ምን መሆን እንደምፈልግ አውቄ ነበራ!

ከፋሲካ በኋላ ቅጽ መጣ። ስምንተኛን ያለፈች ልጅ ከተማ ገብታ ነርስነት የምትማርበት፣ መንግሥት አብልቶ አሳድሮ የሚያስተምርበት። አስተማሪያችን ምርጫዬን ከእኔ ጋር ቁጭ ብለው በብዕር ሞሉ። የዕድሜውን ቦታ ግን ባዶ ተዉት። የልደት ወረቀት የሚባል ነገር በእኛ አገር ስለሌለ፣ አባትና የነፍስ አባት መስክረው የደብሩ ማኅተም እንዲያርፍበት ነው ደንቡ። «ከዐሥራ ስድስት በታች አይቀበሉም፤ አደራ» አሉኝ። ምን አሳሰበኝ? እኔ ዐሥራ ሰባት ነኝ። እናቴ እኔን የወለደችው የደብራችን ጣራ ከሣር ወደ ቆርቆሮ በተለወጠበት ዓመት መሆኑን ስንቴ ነግራኛለች።

አባቴ አልከለከለኝም። ይህን ስናገር ሰው አያምነኝም፤ ግን አልከለከለኝም። አባቴ ከእርሻው ሌላ በቅሎ ይነግድ ነበር፤ አርብ ገበያ ድረስ እየወረደ ይገዛል፣ ይሸጣል። ወሬውን ስነግረው ፊቱ በራ፤ «የኔ ልጅ የመንግሥት ጋዋን ልትለብስ!» አለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባታችንን ቤት ጠራ። የደብሩ ገበዝም እሳቸው ስለሆኑ ማኅተሙ ከእጃቸው አይለይም። እናቴ ብቻ አልነበረችም፤ የአጎቷን ለቅሶ ልትደርስ ወገዳ ወርዳለች።

የእጅ ውኃ ይዤ ቆሜያለሁ። የነፍስ አባታችን «በማን ዘመን ተወለደች?» ብለው ጠየቁ።

«በማርቆስ» አለ አባቴ።

«የትኛው ማርቆስ?»

ማርቆስ በየአራት ዓመቱ ይመለሳል። ያ ዓመት ሉቃስ ነበር። እሳቸው በጣታቸው ወደ ኋላ ቆጠሩ፤ «አንድ፣ አምስት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥራ ሦስት፣ ዐሥራ ሰባት…»

«ዐሥራ ሰባት አይበሉብኝ አባቴ!» አለ አባቴ። «እስከ ዛሬ የት ቆይታ ነው ይሉኛል። በቅሎ እንኳ ጥርሷ ከገፋ ማን ይጠጋታል? ልጅ እግሯን ነው የሚመርጡት። ዐሥራ ሦስት ይበሉልኝ።»

«ሐሰት አልጽፍም፣ ልጄ።»

«ማርቆስ አይደለም እንዴ?»

«ማርቆስስ… ማርቆስ ነው» አሉና ጢማቸውን ዳሰሱ።

«አባዬ፣ አስተማሪው እኮ…» አልኩ።

«ትልቅ ሰው ሲነጋገር!»

ማንቆርቆሪያው ከእጄ ተንሸራቶ ውኃው ጉልበታቸው ላይ ፈሰሰ። የነፍስ አባታችን አልተቆጡኝም። «አባትሽ ክፉ አይመኝልሽም» አሉኝ፤ እሱስ እውነት ነው። ዐሥራ ሦስት ብለው ጻፉና ማኅተሙ ላይ እፍ ብለው በሐምራዊው ቀለም አተሙት። ከዚያ በኋላ ያነበብኩት መጽሐፍ ሁሉ፣ ብቻዬን ለቃቅሜ ያገኘሁት ዕውቀት ሁሉ፣ ያን ጊዜ ምን ማለት እንደነበረብኝ አላስተማረኝም። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ከዐሥራ ስድስት በታች እንደማይቀበሉ ለአባቴ ነገርኩት። ሳቀብኝ። «አንቺ ገበያ አታውቂም» አለኝ።

ሰኞ አስተማሪያችን ቅጹን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ዐሥራ ሦስት? ከእኔ ትረዝማለች እኮ!» ብለው ወደ ርእሰ መምህሩ ክፍል ሮጡ። እኔ በር ላይ ቀረሁ። ድምፃቸው ብቻ ይሰማኛል። ሌላ ቅጽ የለም። የተፋቀ ቅጽ አይቀበሉም። በማኅተም ላይ ማን ደፍሮ ይጽፋል? ሲወጡ ጆሯቸው ቀልቷል። ዕድሜዬ ስሕተት መሆኑን የሚያስረዳ ደብዳቤ ጽፈው ከቅጹ ጋር አያያዙ። «እንግዲህ…» አሉኝ።

ቅጹ ከነደብዳቤው ተመለሰ። ዐሥራ ሦስት ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል።

እናቴ ከወገዳ ተመልሳ ነገሩን ስትሰማ ጭኗን መታች። «ቆርቆሮው የተመታ ዓመት! ሚስማሩን ያቀበልከው አንተ አይደለህም ወይ!» አለችው።   አባቴ በነጋታው ጎሕ ሲቀድ «ተነሺ» አለኝና ደብረ ታቦር ይዞኝ ሄደ። በቅሎዎቹን በዚያው ሳምንት ሸጧቸው ስለነበር በእግራችን ነው የሄድነው፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

ቅጽ የሚቀበለው ጸሐፊ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ አባቴ ነጠላውን አጣፍቶ ቆመ። ጥፋቱ የሱ እንደሆነ ተናገረ፤ ማለ፤ የቆርቆሮውን ነገር አነሣ። ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም። «አባባ፣ እኛ የምናየው ወረቀቱን ነው» አለ። አባቴ ዘወር ብሎ አየኝ። ከዚያ የሚያውቀውን፣ በዚህ ዓለም ላይ እርግጠኛ የሆነበትን አንድ ማስረጃ አቀረበ።

«ጥርሷን ይዩ ጌታዬ! ይኸው፣ ይዩዋት፤ የዐሥራ ሦስት ዓመት ጥርስ ነው ይሄ? ክፈቺላቸው ልጄ።»

ከፈትኩ። ምን ላድርግ? በሰው ሁሉ ፊት አፌን ከፈትኩ። ከወዲያ ጠረጴዛ የነበሩት ሁለቱ ሳቁ። አንዱ በቅሎ እንደሚገዛ ሰው «ስንት አሏት?» አለ። ጸሐፊው አልሳቀም፤ ዓይኑን ሰበረና ቅጹን በሁለት እጁ መለሰልን። እኔ የማየው አባቴን ነበር። ለምን እንደሚሳቅ አልገባውም። ትንሽ ቆይቶ ገባው። አገጬን የያዘበትን እጁን ቀስ ብሎ አወረደ።

ወደ ቤታችን ተመለስን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከማናውቀው ገበሬ ቤት «የመሸበት እንግዳ» ብለን ገባን። ሴትየዋ ለአባቴ እግር ለብ ያለ ውኃ በገበቴ አቀረበች። እንደ ወጉ ላጥበው ጎንበስ ስል ገበቴውን ከእጄ ወሰደና «ተቀመጪ» አለኝ።

«ኧረ በስመ አብ! አባት የልጁን!» አለች ሴትየዋ።

አልሰማትም። ከፊቴ ተንበርክኮ እግሬን ውኃው ውስጥ አደረገው። አቧራውን ከየጣቴ መሃል አጠበ፤ ተረከዜ ላይ የተሰነጠቀውን እንዳያመኝ ዙሪያውን ብቻ ዳበሰ። «ደከመሽ?» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

«አልደከመኝም፣ አባዬ» አልኩት።

ውኃው ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እግሬን አልለቀቀውም።